ከየዘመኑ ጦር ሜዳ የመጡ ቁስለኞቼ

ጡረታ መውጣቴን የሰማ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ስንት ሕፃን አዋለድሽ?» ይለኛል። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ አዋላጅ ትመስላቸዋለች። እኔ የአዋላጅነት እጅ አልነበረኝም። የኔ ሥራ ቁስል ነበር። እስቴ ጀምሬ፣ ስማዳ ወገዳ ኖሬ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ጨረስኩ። ዛሬ ንፋስ መውጫ ልጄ ቤት ተቀምጬ ወደ ኋላ ሳስበው፣ ዕድሜዬ የሄደው የሰው ቁስል ሳጥብና ስጠቀልል ነው።

የገበሬ ቁስል ብዙ ነው። ማጭድ የቆረጠው አለ፣ በሬ የወጋው አለ፣ በጠብ ዱላ ያረፈበት አለ። በልቤ የቀረው ግን የወታደር ቁስል ነው። በእኛ አገር ወታደር ያልወጣበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። የአያት፣ የአባትና የልጅ ቁስል በአንድ አልጋ ላይ በየተራ ሲተኛ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ጥይት ያው ጥይት፣ ሥጋም ያው ሥጋ ነው እል ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

እስቴ ስመደብ ከነርስነት ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነበር፤ ዘመኑ ደርግ ነው። ጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ቤት ሲሆን፣ የቁስል ክፍሉ ዳር ላይ ነበረ። እዚያ የተቀበሉኝ አምሳ አለቃ ፈንታ የሚባሉ ድሬሰር ናቸው። በዚያ ጊዜ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ሰው ድሬሰር ይባል ነበር። አምሳ አለቃ በጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል ኦጋዴን ድረስ ዘምተው፣ በእርጅና ምክንያት ተሰናብተው ወደ አገራቸው የገቡ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። ጥፍራቸውን ሁልጊዜ በምላጭ ይከረክሙታል።

የጨው ውኃውን ራሳቸው ያሞቁታል። በአንጓቸው ላይ ጠብ አድርገው ካልለኩት በቀር ቁስል ላይ አያፈሱም። ከቁስሉ የወጣውን ጎዝ፣ ማለት የቁስል ጨርቁን፣ ከመጣላቸው በፊት ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው ያሸቱታል። መጀመሪያ ፊቴን ሳዞር አይተው፣ «ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫ ግን አይታለልም» አሉኝ። ከሁሉ የገረመኝ አቀማመጣቸው ነው። ቁስለኛው አልጋ ላይ ከሆነ እሳቸው ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ ስበው ዝቅ ይላሉ፤ ሁልጊዜ ቀና ብለው ነው የሚያናግሩት። የተጠቀለለውን ሳይነኩ በፊትም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤

«በተመታህ ቀን ምን በልተህ ነበር?»

አንድ ቀን ለምን እንደሚጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት ተመታህ ስትይው ለአለቃው እንደሚናገር ሆኖ ይመልስልሻል» አሉ። «ምን በላህ ስትይው ግን ለእናቱ እንደሚናገር ይናገራል። ያኔ ጡንቻውም ይላላል፤ አንቺም ሥራሽን ትሠሪያለሽ።»

በእሳቸው እጅ ካየኋቸው መጀመሪያዎቹ አንዱ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ትከሻቸው ውስጥ ጥይት ይዘው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥይቱ ቦታውን ለቆ ወደ ቆዳ ቀርቦ መመርቀዝ ጀምሯል። አምሳ አለቃ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቋቸው ሽማግሌው ሳቁ።

«ዳቦ በልቼ ነበር። የተኮሰብኝንም አውቀዋለሁ፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ባንዳ ነበር። በየድንጋያችን ተከልለን እየተሳደብን ነው የተታኮስነው። በኋላ አገር ሲረጋ ታረቅንና ልጄን ክርስትና አነሣልኝ።»

ጥይቱ ሲወጣ መዳፋቸው ላይ አገላበጡት፤ እንደ ጥርስ ይመስል ነበር። ለአበ ልጃቸው አሳያለሁ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ጦርነት ማለት እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ከሰው ይጣላል፣ ይዋጋል፣ ያረጃል፣ ይታረቃል።

ያንኑ ሰሞን ግን ከሰሜን የሚመለሱ የደርግ ወታደሮች መምጣት ጀመሩ። እነሱ የቆሰሉት በመድፍ ፍንጣሪ ነው። አንዱም የመታውን ሰው አያውቅም። «ከዚያ ማዶ ነው የመጣው» ይላሉ እንጂ የመታቸው ስም የለውም፣ ፊት የለውም። ብዙዎቹ ከገበያ ታፍሰው የሄዱ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። የክፍሉ በር በነፋስ ሲዘጋ ከአልጋ ሥር የሚገባ ነበረ። አምሳ አለቃ ይህንን ሲያዩ በሩ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አስገቡበት። ከዚያ በኋላ ያ በር ጮኾ አያውቅም።

አምሳ አለቃ ስለ ቁስል ያስተማሩኝ ዋናው ነገር አንድ ነው። «ጥልቅ ቁስል ከታች ወደ ላይ ነው የሚድነው። ከላይ ወደ ታች ከዳነ ዋሽቷል። ቆዳው ቸኩሎ እንዳይገጥም፣ ጎዙን አርጥበሽ ወደ ውስጥ ክተችበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሳጠርሽ ታወጪዋለሽ። ከሥሩ ሥጋው ሲሞላ ራሱ ጎዙን ይገፋዋል፤ ያኔ ተይው።» እየመላለሱ ይህንን ካላሠሩኝ በቀር ወደ ቤቴ አይለቁኝም ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ አምሳ አለቃ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ወደ ስማዳ ተዛወርኩ። ወገዳ ያን ጊዜ መኪና በክረምት የማይገባበት አገር ነበር። ደመወዝም ቢሆን የሚመጣው መንገዱ ሲፈቅድ ነው። ነገር ግን የቁስል ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር።

እዚያ እያለሁ ከድንበሩ ጦርነት ጌታሁን የሚባል ወታደር ተመለሰ። ጓደኛው ፈንጂ ረግጦ ሲሞት፣ ፍንጣሪው የጌታሁን ጭን ውስጥ ገብቷል። ቁስሉ ድኖ ነበረ፤ አገር ቤት ከገባ በኋላ ግን አብጦ መግል ያዘ። ከፍቼ አጠብኩለት። እንደ ልማዴ ዝቅ ብዬ ምን በልቶ እንደነበር ጠየቅኩት። «ኧረ ሲስተር፣ ምን ትዝ ይለኛል» ብሎ ሣቀና ነገሩን አሳለፈው።

ጌታሁን አንድ ነገር ነበረው። ከተረገጠ መንገድ ወጥቶ አይረግጥም። ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጣ ሣሩን አቋርጦ የሚመጣ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ እሱ ግን ዞሮ ዞሮ በድንጋዩ ላይ ነው የሚመጣ። ማሳውን ወንድሙ ነው የሚያርስለት። ወንድሙ ካረሰ በኋላም ትልሙ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ዳር ቆሞ ዘር ያቀብላል። ሰው ሲሥቅበት እሱም አብሮ ይሥቃል። የአባቶቹ ጠላት ከማዶ ነበረ፤ የሱ ጠላት ከእግሩ ሥር ነበረ።

ሰኔ ገባ። ቁስሉ ከላይ ጥርት ብሎ እየገጠመ ነው። ጎዙን በየቀኑ መክተት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሩቅ ነው አገሩ።

«ሲስተር፣ ዘር ደርሷል፤ ልሂድ» አለኝ።

«ያምምሃል?»

«ምንም። ጓደኞቼ እግር የላቸውም። እኔ ሁለቱንም ይዤ አመመኝ ብል ነውር ነው።»

ጭኑን ተጫንኩት። ፊቱ አልተለወጠም። ሽታም የለውም። ለቀቅኩት።

ሐምሌ ላይ በቃሬዛ አመጡት። ወንዙ ሞልቶ ማዶ አድረው ነው የተሻገሩ። ቆዳው ከላይ እንደ ገጠመ ነበረ፤ ከሥር ግን መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይነድዳል። ከፈትኩት፣ አጠብኩት፣ ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ሰጠሁት። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበረ። ጌታሁን ከመሞቱ በፊት ነቅቶ «ገብስ ነው» አለኝ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ያን ቀን የበላነው። ያ ጓደኛዬ ነው ያመጣው፣ በሶ። አንድ ዕቃ ላይ በላን፤ ከዚያ እሱ ቀደመኝ።»

ያን ሌሊት አረፈ።

መስከረም ላይ ወደ እስቴ ወርጄ አምሳ አለቃን ቤታቸው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድም ነገር አልወቀሱኝም፣ አላጽናኑኝምም። «ስሙ ማን ነበረ?» አሉ።

«ጌታሁን።»

«እንግዲህ ስሙን አትርሺው። እኔም የማልረሳቸው ስሞች አሉኝ። ሥራሽን ግን ነገ ጠዋት ትጀምሪያለሽ።»

ጀመርኩም። አምሳ አለቃ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

አርብ ገበያ ስመደብ ዕድሜዬ ገፍቶ ነበረ። አርብ አርብ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ አህያውን አሥሮ፣ እህሉን ሸጦ፣ ከዚያ ወደኛ ጎራ ይላል። የቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ካለፈ በኋላ የሚመጡት ወጣቶች ከቀድሞዎቹ ሁሉ የተለዩ ሆኑብኝ። ገሚሶቹ ላይ ቁስል የለም። ራስ ምታት ይላሉ፣ እንቅልፍ ማጣት ይላሉ። ስናወራ ዓይናቸው ወደ ጣራው ይሄዳል።

በፋሲካ ማግሥት ባለው ወር አንድ አርብ፣ አቶ ዘውዱ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ሙላትን ይዘው መጡ። አቶ ዘውዱን አውቃቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሰው ሄደው፣ ሰሜን ምሽግ ውስጥ ዓመታት ቆይተው የተመለሱ ናቸው። ለጀርባቸው ሕመም አንዳንዴ ይመጡ ነበረ። ንብ አናቢ ስለሆኑ ሲመጡ ማር ማር ይሸታሉ። ልጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነው። አባትየው ቆመው ነው መናገር የጀመሩ።

«ሲስተር፣ እስቲ ይህንን ልጅ እይልኝ። ቁስል ካለበት ንገሪኝ። ከሌለበትም ንገሪኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ኅዳር ላይ ማር ልንቆርጥ ቀፎው ዘንድ ስወስደው ጥሎኝ ሮጦ ጎተራ ሥር ገባ። ጎረቤት አይቶ አገር ሣቀብን። ‹ንብ የፈራ ወታደር› ተባለ። አይሠራ፣ ሰው መሃል አይቀመጥ። አሁን ደግሞ ገደል አፍ ነው የሚውለው። እናቱ አይታው እህል አልበላም ብላለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ስንት ዓመት ተዋግቻለሁ። ሰው በጩቤ ፊት ለፊት መጥቶብኝ ያውቃል። ይህ ልጅ ጠላት እንኳ አላየሁም ነው የሚለው።»

ልጁ መሬት መሬት ያያል። ልብሱን አስወልቄ አየሁት። አንድ ጭረት የለበትም። የልቡም ምት፣ የደም ግፊቱም ደህና ነው። የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቼ ልሸኘው እጄ ወደ መሳቢያው ሄዶ ነበረ። ቆዳው ንጹህ ነው። ንጹህ ቆዳ ደግሞ እኔን አንድ ጊዜ ዋሽቶኛል።

ዱካዬን ስቤ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አባትየውንም አግዳሚው ላይ እንዲቀመጡ ጠየቅኳቸው።

«ሙላት» አልኩት፣ «ያን ቀን ምን በልተህ ነበር?»

የትኛውን ቀን አላለኝም።

«ኮቾሮ» አለ። ኮቾሮ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው። «በሻይ። አምስት ነበርን፣ ግራር ሥር። ሻዩ አለቀብን። ውኃ የምቀዳው ተራ የኔ ነበረ፤ ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከላይ ድሮኑ እንደ ንብ ይላል። ጠዋትም ይላል፣ ማታም ይላል፤ ለምደነው ነበረ። ቀና ብትይ አይታይም። ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይቆያል። ያን ቀን ውኃው ጋ ሆኜ ድምፁ ቆመ መሰለኝ። ስመለስ ግራሩ የለም።»

አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ማን ላይ ልተኩስ?» አለ ሙላት፣ አሁን ወደ እሳቸው ዞሮ። «ጠላት አላየሁም ስል ይቆጡኛል። እውነት ነው አላየሁም። አንድ ቀን አላየሁም። እሱ ግን እኔን ያየኝ ነበረ። ሽንቴን ስሸና ያየኛል፣ ስተኛ ያየኛል። መሣሪያዬ ምን ይሠራልኛል?»

«ገደሉስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ገደል አፍ ምን ታደርጋለህ?»

«አፉ ላይ አይደለም የምቀመጠው። ከሥሩ ዋሻ አለ። ዋሻው ጣራው ድንጋይ ነው። ከላይ ምንም አያየኝም። እዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አቶ ዘውዱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ልጃቸው ራሱን ሊጥል ነው ብለው ነበር ለካ ሲሠጉ የከረሙ፤ ቃሉን ግን አንድም ጊዜ አላወጡትም። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ተናገሩ።

«እኛ ጉድጓድ ነበረን» አሉ። «መድፉ ሲመጣ ከሩቅ ይጮኻል፤ ትሰማዋለህ። ትገባለህ። ከገባህ ገባህ ነው። ክፉ ነው ምሽግ፣ ቅማሉ፣ ጭቃው። ግን ለራስህ የቆፈርከው ጣራና ግድግዳ አለህ። አንተ ጉድጓድ አልነበረህም።»

«ቢኖረንም አይጠቅምም» አለ ሙላት።

«አይጠቅምም» አሉ አባቱ።

ከውጭ የገበያው ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው በአህያው ላይ ይጮኻል። ልጁ አባቱን ሲያይ፣ ከገባ ወዲህ ዓይኑ ወደ ጣራ አለመሄዱን አስተዋልኩ።

«አንቱስ፣ አባቴ?» አላቸው። «ያን ቀን ምን በሉ?»

እሳቸውም የትኛውን ቀን አላሉም።

«ቆሎ» አሉ። «የጓደኛዬ ነው። እናቱ ቆልታ በሰው የላከችለት። ምሽጉ ተከቦ ስንቅ አይገባም። እሱ ከጎኔ ሞቶ ተኝቷል፤ የምናወጣበት የለም። ከኪሱ አወጣሁና በላሁት። እህል ነው፣ በላሁት። አገር ስገባ እናቱ ዘንድ ሄድኩ፤ እስቴ ናት አገሯ። መርዶውን ነገርኳት። አልቅሳ ሲወጣላት፣ ‹ቆሎዬስ ደርሶት ነበረ?› አለችኝ። ‹ደርሶት በልቶታል› አልኳት።»

እኔ የአቶ ዘውዱን ጀርባ ስንት ጊዜ አሽቻለሁ። ይህንን ሰምቼ አላውቅም፤ የጠየቅኳቸው ስለ ጀርባቸው ብቻ ነበራ። ልጁ ተነሥቶ ከአግዳሚው ላይ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። አልተቃቀፉም፣ አላለቀሱም። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ በቃ።

ይህ ሁሉን ፈወሰ ብዬ አላወራም። ሙላትን ንፋስ መውጫ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ዘንድ ላክሁት። የተሰጠውን ኪኒን እየወሰደ ለወራት ተመላለሰ። አንዳንዱ ሳምንት ደህና ነው፣ አንዳንዱ ወደ ዋሻው ይመልሰዋል። አባትየው ግን ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ እናትየውን ይዘው ዋሻው ድረስ ወስደው አሳዩዋት፤ እህል መብላት ጀመረች። ሁለተኛ ቀፎዎቹን ሁሉ አንሥተው ከሸለቆው ማዶ አማታቸው ጓሮ አሰቀሉ። ጎረቤት ለምን ሲላቸው «አበባው እዚያ ይሻላል» ነው መልሳቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ከምሽጉ ዓመታት በቀር፣ ንብ ሳይሰሙ ነቅተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

እኔ የማውቀው ሥራ ቁስልን ከሥሩ እንዲሞላ መጠበቅ ነው። ቁስለኛ ሁሉ እንደ ዘመኑ ይቆስላል። አንዱ የመታውን በስም ያውቀዋል፣ አንዱ መሬት ይፈራል፣ አንዱ ሰማይ ይፈራል። አባት በራሱ ጦርነት የልጁን ጦርነት ሊለካ ሲነሣ መለኪያው አይገጥምለትም። የበሉትን ግን ሁሉም ያስታውሳሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጡረታዬ ደርሶ ዕቃዬን ስሰበስብ አቶ ዘውዱ ሊሰናበቱኝ መጡ። ክረምቱ የከበደ ነበረ፤ መብረቁም ብዙ ነበረ። ልጁ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ደህና ነው፣ ሲስተር። የገብሱን አረም ከእኔ ጋራ አርሟል።» ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ከምሽግ ከተመለስኩ ጀምሮ፣ ነጎድጓድ ሲመታ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ከብቶቹን አይቼ ልምጣ እያልኩ እወጣለሁ። ሚስቴ ጠይቃኝ አታውቅም። ዘንድሮ አንድ ቀን ሲመታ ተነሣሁ፤ ልጄም ተነሣ። የት ትሄዳለህ ስለው፣ እሱም ከብቶቹን አይቼ ልምጣ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክረምቱን ሙሉ፣ ነጎድጓድ ሲመታ ሁለታችንም እንወጣለን። በረቱ ዘንድ ቆመን እናወራለን፤ ሲያቆም እንገባለን። ሚስቴ ምን ትላለች መሰለሽ?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «‹በዚህ አገር እንደኛ ቤት ከብት የሚጠበቅለት የለም› ትላለች።»